የጠዋቱ ከረጢት

ጥቅምት 9

ውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ? እኔና እናቴ በጤና አለን፤ ከእኔ ፊት በስተቀር ማለቴ ነው። እሱን አሁን እነግርሻለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ከሥራ ቦታዬ፣ ጓዳ ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። ቤት ሆኜ ብጽፍ እናቴ «ለማን ነው?» ማለቷ አይቀርም። ስልኩ እንደምታውቂው ነው። ቤታችን ያለችው አንዲት ስልክ ናት፤ እሷም ደንበኞች «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» እያሉ ስለሚደውሉ የእናቴ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው የምትውለው። አንቺ ስትደውዪ ድምፅሽን ሰምታ ትዘጋለች። አያቴን ከቀበርን ጀምሮ ያው ነች። ከዚያ አገር አንዴ ከወጣሽ መልሰው እንደማያስገቡሽ፣ ለዚህ ብለሽ እንደቀረሽ ስንቴ ነገርኳት። «እሷ ሥራዋን መረጠች፣ እኔ ደግሞ እናቴን ቀበርኩ» ብላ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ትቀጥላለች። ስምሽን አትጠራም። «ያቺ» ነሽ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ማድያት ወጥቶብኛል። በሁለቱም ጉንጬ ላይ፣ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ በዱቄት እየሸፈንኩ ከረምኩ። አንድ ቀን ዶክተሩ፣ የጥርስ ሐኪሙ ማለቴ ነው፣ ለሕመምተኞች ቀጠሮ የምይዝበት መስኮት ጋ መጥቶ ቆመና «ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው እኮ» አለኝ። ቀጥሎ የሚለውን ለመስማት እንኳ አልቆየሁም። አሁን መስኮቱን ለቅቄ ጓዳ ነኝ። እሱ የተጠቀመበትን መሣሪያ አጥባለሁ፣ መቀቀያው ማሽን ውስጥ እከታለሁ፣ ፎጣና ሽርጥ ጣሪያ ላይ አሰጣለሁ። «ፊትሽ እስኪሻለው ነው» ብሎኛል። መስኮቱ ላይ ሚስቱ ተቀምጣለች፤ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት እየቀጠረች ታጣላቸዋለች።

አክስቴ፣ መስኮቴን እፈልገዋለሁ። እዚያ ሰው ነበርኩ። ሰው ስሜን ጠርቶ ያመሰግነኝ ነበር። አንቺ እዚያ የምትንከባከቢያትን ሴት ቅባት ትቀቢያታለሽ ብለሽ አውርተሽኝ ነበር። የሚሆነኝን ታውቂ እንደሆነ ምከሪኝ። እዚህ የሚሸጠውን እፈራዋለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ የገዛችው ክሬም ፊቷን አንጥቶ አንገቷን ጥቁር ትቶባት እንደ ሁለት ሰው ሆናለች።

የምትወድሽ የእህትሽ ልጅ

ኅዳር 14

የኔ ሚጡ፣

ሰላምታዬን በግንባርሽ፣ በአገጭሽ፣ ደህና በሆነው ቦታ ሁሉ ተቀበዪ። ማድያቱ ያለበትን ጉንጭሽን ሲድን እስመዋለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ፤ ለዶክተርሽም ልብ ይስጠው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መታጠቢያ ቤት ተዘግቼ ነው። በዚህ ቤት ብቻዬን የምሆንበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ጠይቀሽኛልና ስሚኝ፤ በዚህ ነገር እንኳ ተክኜበታለሁ። አሮጊቷን ጠዋትና ማታ የምቀባት እኔ ነኝ። ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፤ የልጆቿን ስም እየረሳች ነው፤ የቅባቱን ተራ ግን አትረሳም። አንዱን ከዘለልኩ እጄን በጥፊ ትለኛለች። ወጣት ሆና ቆንጆ ነበረች ይላሉ። እኔ ስደርስ ያለቀ ነገር ነው፣ ግን እቀባለሁ።

ዋናው ነገር ተራው ነው። ከቀጭን ወደ ወፍራም ነው የሚኬደው። ውሃ የሚመስለው መጀመሪያ፣ ቅቤ የሚመስለው መጨረሻ። ገልብጠሽ ወፍራሙን ካስቀደምሽ ቀጭኑ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ድካምሽ በከንቱ ነው። በየመሐሉ ደግሞ ቆዳሽ እስኪጠጣው ጠብቂ። እኔ አንዱ እስኪደርቅ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሌላው እስኪደርቅ መድኃኒቷን እቆጥራለሁ። አንቺም ሥራ አታጪም።

ሁለት ከረጢት አዘጋጅቼልሻለሁ። እንዳይምታታብሽ ነጩ የጠዋት፣ ሰማያዊው የማታ ነው። ዕቃዎቹ ላይ ተራውን በቁጥር ጽፌበታለሁ። ጠዋት ፊትሽን በፊት ሳሙናው ታጥበሽ የቫይታሚን ሲውን ጠብታ ትቀቢያለሽ፣ ከዚያ ሎሽኑን፣ በመጨረሻ የጸሐይ መከላከያውን። እሱን አትሰስቺበት፤ ጆሮሽንና አንገትሽንም አትርሺ። ማታ ታጥበሽ በደንብ ከደረቅሽ በኋላ ሬቲኖል የሚለውን አንዲት የአተር ፍሬ ታህል ብቻ፣ እሷንም መጀመሪያ ላይ ቀን እየዘለልሽ፣ ከላዩ ወፍራሙን ክሬም።

አሁን የምልሽን ደግሞ ሁለቴ አንብቢው። የማታው ያለ ጠዋቱ አይሆንም። የማታው አሮጌውን ቆዳ ይልጠዋል፣ ከሥር የሚወጣው ደግሞ ጸሐይ አይችልም። የጸሐዩን ካልተቀባሽ የማታውን አትንኪው። ዕቃውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብራኝ የምትሠራ ልጅ ይዛልሽ ትመጣለች፤ እቤት ድረስ ታደርስልሻለች።

እትዬን ሰላም በዪልኝ ልልሽ ብዬ ተውኩት። ስንት ጊዜ ብዬ የት ደረሰ? የባዕድ ሴት ፊት በቀን ሁለቴ እየደባበስኩ የእህቴ ፊት ምን እንደሚመስል እየጠፋብኝ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ዝም ብለሽ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ፣ እኔ እንደጠየቅኩ ሳትነግሪያት።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 28

ውድ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ከአንቺ ጋር ይክረሙ። ዕቃው ደረሰ። እንዴት አምሮ ታሽጓል! አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ያመጣችው ልጅ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች አሉ፤ ታክሲ አስቁማ ነበር።

ጀምሬያለሁ። የማታውን ስቀባ ትንሽ ይቆጠቁጠኛል፣ ግን መድኃኒት ነውና ይቆጥቁጥ እላለሁ። ከግንባሬ በኩል ለስልሶልኛል። ዶክተሩም ባለፈው መሣሪያ ሳቀብለው ቀና ብሎ አየኝና «እም» አለ። ከእሱ «እም» ብዙ ነገር ነው።

የእናቴ ጉልበት ደረጃ ላይ ያማታል፣ ሜዳ ላይ ደህና ነው። መኪናዋን በቀኝ እግሯ ብቻ ነው የምትረግጠው። ዕቃው ሲመጣ እቤት ነበረች። ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ነጩን ከረጢት አንድ ድገሚልኝ። ሰማያዊውን ተዪው፣ ነጩን ብቻ። አደራ።

ወዳጅሽ የእህትሽ ልጅ

የካቲት 3

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ፊትሽስ? ሰላም ይብዛልሽ። ደብዳቤሽ ቆይቶ ነው የደረሰኝ፤ እኔም ለመመለስ ዘግይቻለሁ። አሮጊቷ አልጋ ይዛለች። አሁን ማንሳቱም ማገላበጡም የእኔ ነው፤ ማታ ስተኛ ወገቤ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ልጇ በሳምንት አንዴ ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ናት?» ይለኛል። ፊቷን ግን አላቋረጥኩም። አሁን እጄን አትመታም። ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

«ምንም ክፉ ነገር አልተናገረችም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሞኝ ነሽ በዪኝ። ከእትዬ በኩል ዝምታም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው። ካርቶኑን አየችው? ከማን እንደሆነ ጠየቀች? እንዲህ አጭር አድርገሽ አትጻፊልኝ፤ እዚህ ሆኜ መሐሉን የምሞላው በክፉ ክፉው ነው።

ነጩ ከረጢት ግን ምን ነካው? ገና መምጣቱ እኮ ነው። ትጠጪዋለሽ እንዴ? በጋውን ሙሉ ያደርስሻል ብዬ ነበር የላክሁት። ለጓደኛ አካፍለሽ እንደሆነ አልቆጣሽም፤ ዝም ብለሽ ንገሪኝ። ለጊዜው የሚመጣ ሰው የለም። ካገኘሁ እልካለሁ።

ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ፣ ለውጡን ልየው። እትዬም እንዲያው አጋጣሚ ሆኖ ከጎንሽ ብትገባ አልጠላም። ተነሺ እንዳትያት። አጋጣሚ ሆኖ ነው ያልኩት።

አክስትሽ

መጋቢት 20

አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል።

ፎቶ አልልክልሽም። ፊቴ ተቃጥሏል። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ተላጠ፣ አሁን የተላጠው ቦታ ከድሮው ማድያት ይብስ ጠቁሯል። ስስቅ ይሰነጠቃል፣ ደግነቱ የሚያስቅ ነገር የለም። ውሃ ሲነካኝ እጮሃለሁ። ማስክ አድርጌ ነው ሥራ የምገባው፤ ጥርስ ቤት ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም።

ዶክተሩ መስኮቱ ላይ አዲስ ልጅ ቀጥሯል። ፊቷ ጥርት ያለ ነው። ቀጠሮ አያያዝ እንዳሳያት ጠራኝ፣ እኔም አሳየኋት። የእኔን ወንበር ከፍ አድርጋ አስተካክላዋለች።

ከአንቺ የመጣውን ነው የተቀባሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። እናቴም ለሚጠይቃት ሁሉ «ያቺ የላከችላት ነው እንዲህ ያደረጋት» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ደህና ሁኚ።

ሚያዝያ 6

ሚጡዬ፣ ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታ አላሳምርም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ የምይዘውን የምጥለውን አላውቀውም። ሁሉንም ነገር አሁኑኑ አቁሚ። ሁለቱንም ከረጢት ዝጊ። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቢ፣ አትሹት፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢው። ጸሐይ ላይ አትውጪ፣ ከወጣሽ ሻሽ ወደ ፊት ጎተት አድርገሽ ሰፊ ባርኔጣ ድፊበት። ጣሪያ ላይ ልብስ ማስጣቱን ለሌላ ሰው ይስጠው፤ እምቢ ካለሽ አመመኝ ብለሽ ተኚ። ውሃ ከቋጠረ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ እንጂ የጥርሱን ሰውዬ አታስነኪ።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። እኔ ይህን ተራ ስንት ዓመት የሠራሁት ሰው ነኝ። ያቺ አሮጊት ቆዳዋ ወረቀት ሆኖ እንኳ አንድ ቀን አልቀላም። እንደጻፍኩልሽ ብትቀቢ ኖሮ እንዲህ አትሆኚም ነበር። ጠዋት ምን ትቀቢያለሽ? የጸሐዩን ስንት ጊዜ ተቀባሽ? ነጩን ብቻ ድገሚልኝ ያልሽኝ ለምንድነው? የሆነ ነገር ደብቀሽኛል። አልቆጣሽም፣ ግን አትደብቂኝ።

እትዬ የምትለውን ሰምቻለሁ። ትበል። እናቷን ያልቀበረች ናት ስትለኝ ቻልኩት። ልጄን አቃጠለችብኝ የሚለውን ግን አልችለውም፣ እውነቴን ነው። ይሄኛው ከተጨመረ በእኔና በእሷ መሐል የቀረችው ቀዳዳም ትደፈናለች። አንቺ ፊትሽን ትፈልጊያለሽ፣ እኔ ደግሞ እህቴን እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ካርቶን ሊጠፉ ነው። ጻፊልኝ፣ አታቆዪኝ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 24

አክስትዬ፣

ባለፈው የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ያሳፍረኛል። ሰላምታ እንኳ በአግባቡ አልሰጠሁሽም። አሁን በሁለት እጅሽ ተቀበዪኝ። ፊቴ እንዳልሽኝ አድርጌ መቆጥቆጡን ትቷል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ዕቃው የመጣ ዕለት ከሥራ ስገባ እናቴ ካርቶኑን በመቀሷ ከፍታዋለች። ደብዳቤሽ ከሥር ስለነበር አላየችውም። ሁለቱን ከረጢቶች አውጥታ የቆረጠችው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለች። ቆማ ታያቸዋለች። መኪናዋ ቆሟል፣ መብራቱ እንደበራ ነው። እኔን ስታይ ነጩን አነሳችና «ሁለት ነው የላከችው» አለችኝ። «ሁለት ከረጢት ለአንድ ሰው አይላክም። ይሄኛው የእኔ ነው ማለት ነው?» አለች።

ድምጿ የቁጣ ነበር አክስቴ፣ ፊቷ ግን የቁጣ አልነበረም። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። አይ፣ አንዱ የጠዋት ነው አንዱ የማታ፣ ሁለቱም የእኔ ነው ልበላት? አንቺ ብትሆኚ ትያት ነበር? «አዎ» አልኳት። አንዲት ቃል ናት ከአፌ የወጣችው።

«እንደማልነካላት እያወቀች» አለችና ይዛው ወደ ክፍሏ ገባች። በነጋታው ጠዋት ስነሳ ፊቷ ያብረቀርቃል። ቁጥር ስለጻፍሽበት ተራውን ማንም አላሳያትም። «ይሄ ገበሩ ነው፣ ይሄ መሐሉ፣ ይሄ ላዩ» እያለች እንደ ኮት ደራረበችው። «እንደተቀባሁት እንዳትነግሪያት» ብላ አስማለችኝ። ደንበኞቿ «ምን አግኝተሽ ነው?» ይሏታል፤ «እንቅልፍ ነው» ትላለች። መከላከያው ያለቀ ጊዜ ቱቦውን በመቀስ ሰንጥቃ ውስጡን በጣቷ ጠርጋ ተቀባችው። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ መኪናዋን እየረገጠች ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ምን እንደነበር ባላውቀውም እንዳታቆም ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

የማታውን ለምን አልተውሽም ትዪኝ ይሆናል። መስኮቴን ስለፈለግኩ ነዋ። መድኃኒቱ የማታው ነው፣ የጠዋቱ ለማለስለሻ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ምን ጸሐይ አለ አልኩ። የጣሪያውን ረሳሁት። ደግሞ ቶሎ እንዲሠራ ብዬ አንዲት ቀን አልዘለልኩም፤ የአተር ፍሬ ያልሽኝንም ባቄላ አደረግኋት።

ለአንቺ እንዳልነግርሽ ምያለሁ። ለእሷ እንዳልነግራት ደግሞ ያንን ፊቷን አይቻለሁ። ነጩን መልሺልኝ ማለት አቃተኝ። በሁለታችሁ መሐል የቆመው የእኔ ፊት ሆነ። አሁን ደክሞኛል አክስቴ። አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ ስትል ዝም ብያት ነበር፣ አሁን ዝም ማለት አልቻልኩም። ምን ልበላት?

የእህትሽ ልጅ

ግንቦት 15

የኔ ሚጡ፣

እድሜ ይስጥሽ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ባቄላዋ ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ቱቦውን በመቀስ ሰነጠቀችው የሚለውን ሳነብ ሳቄ ቆመ። ፊቴን ታጥቤ ተመልሼ እንደገና አነበብኩት።

ላንቺ አልዋሽም። ነጩ ለእሷ አልነበረም። አላሰብኳትም ማለት አይደለም፤ አልደፈርኩም። ብልክላት ደጅ ታወጣዋለች፣ ወይ ለማታውቀው ሰው ትሰጥብኛለች ብዬ ፈራሁ። ስንት ጊዜ ሱቅ ውስጥ የእሷን ቁጥር ጫማ አንስቼ መልሻለሁ መሰለሽ። እሷ ግን ካርቶኑን ከፍታ ለእኔም ልካለች ብላ አሰበች። እኔ ስለ እሷ አስብ የነበረው እምቢታዋን ብቻ ነው። ይሄ አሳፍሮኛል፣ ካፈርኩበት ነገር ሁሉ ይብሳል።

አሮጊቷ አረፈች። ሲነጋ ነው ያረፈችው። ልጇ እስኪመጣ ፊቷን አጥቤ ሎሽኗን ቀባኋት፤ የጸሐዩን ተውኩት። ከቤቱ በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ፣ ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው። አትጨነቂ፣ ይገኛል። የደከመኝ ግን እንዲህ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። የሰው እናት አስታምሜ ቀብሬ ወጣሁ። ይህን እትዬ ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ እውነቷንም ነው።

ይህን ይዞ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። አሁን አራት ከረጢት ነው። ሁለቱ የአንቺ፤ ሐኪም ካላየሽ ሰማያዊውን እንዳትከፍቺ፣ ለጊዜው ነጩ ብቻ ይበቃሻል። ሁለቱ ላይ «ለእትዬ» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። ስለ ፊተኛው ግን ምን እንደምትያት አላውቅም። ብትነግሪያት ይከፋታል፣ ባትነግሪያት አንቺ ትቃጠያለሽ። ከአሁን በኋላ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ። የመሰለሽን አድርጊ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

አክስትሽ

ሰኔ 18

ውድ አክስትዬ፣

ሰላምታዬ በአዲሱ ቤትሽ ይድረስሽ፣ ቤቱም ይቅናሽ። ዕቃው ደርሷል። ለአሮጊቷ ነፍስ ይማር ብለናል፤ ሁለታችንም ነው ያልነው።

ነገርኳት። ካርቶኑ የመጣ ዕለት፣ እሷ «ለእትዬ» የሚለውን ጽሑፍ እያየች ሳለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የጠዋቱና የማታው ነገር፣ «አዎ» ያልኳት ነገር፣ ጸሐዩ፣ ሁሉንም። አልጮኸችም። አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያንን ቀን አልሰፋችም።

በማግሥቱ ጥሩ ጫማዋን አድርጋ ጥርስ ቤት መጣች። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ድምጿን ስሰማ መሣሪያውን አስቀምጬ ወደ ጓዳው በር ጠጋ አልኩ። ቀጠሮ አስይዛ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተኛች። ዶክተሩ «እናት፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲላት «ልጄ ጋ» አለችው። «ቀጠሮ የምትይዝልህ በጉንጯ ነው ወይስ በእጇ? እኔ ፊት ሳይሆን ልብስ ነው የምሰፋው፣ ፊት የሚሰፋ ከሆንክ ንገረኝና ላምጣልህ» አለችው። ሰውዬው ጓንቱን አወለቀ። መጠበቂያው ክፍል ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፤ አንድ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ እያመመው ሳቀ።

ከዚያ ዶክተሩ፣ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ «እርስዎ እንኳ ቆዳዎ ጥሩ ነው፣ ምን ይጠቀማሉ?» አላት። እናቴ ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለችና «እህቴ ውጭ አገር አለች። እሷ ናት የላከችልኝ» አለችው። እህቴ አለች አክስቴ። ጓዳ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት መስኮቱ ላይ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ አዲሷ ልጅ ትቀመጣለች፣ እኔ ጓዳ እገባለሁ። ግማሽ ናት፣ ግን ወስጃታለሁ። ፊቴ አልዳነም። የቆዳ ሐኪሟ ጊዜ ይፈልጋል ብላኛለች፤ ጠባሳው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላ ቃል አልገባችልኝም። ማስኩን አውልቄ ነው የምቀመጠው። ሕፃናት ያፈጥጣሉ። ትልልቆቹ ሲገቡ ያዩኛል፣ ከዚያ ጥርሳቸው ትዝ ይላቸዋል።

እናቴ ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ተዪልኝ ብላኛለች። ምን እንደምትጽፍ አላውቅም። አሽጋ ፖስታ ቤት የምትወስደው ራሷ ናት።

የምትወድሽ የእህትሽ ልጅ

እኔ ነኝ።

ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

ልጅቷን ያቃጠልሻት አንቺ አይደለሽም። አንቺ ነሽ ብዬ ያወራሁላቸው ሰዎች ጋ ሁሉ ሄጄ ቃሌን መልሻለሁ። ከመካከላቸው ወሬኛም ስላለች አሁን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

እናታችንን ስንቀብር ስላልመጣሽ አሁንም ይከፋኛል። ይህን ሆዴ ውስጥ አድርጌ ሰላም አልልሽም። ያቺን ሴት ግን ብቻሽን አስታምመሽ አጥበሽ እንደሸኘሻት ልጅቷ አንብባልኛለች። ሳስበው ከረምኩ። መቀየሙም ደክሞኛል።

ያሁኖቹ ሁለቱ ደርሰውኛል። ገና አልከፈትኳቸውም።

የመጀመሪያው የእኔ እንዳልነበረ ሰማሁ። ይሁን። እኔ ግን በጋውን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እህቴ አስባኝ ነው የላከችልኝ እያልኩ ነው የተቀባሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አልሰፋም። ስልኩ እኔው ኪስ ውስጥ ነው።